«ባለቤቴ ሻንጣውን ከፈተ»

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ እኖራለሁ። አንድ አስቂኝ የምሥጢር ልብ ወለድ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። ባለታሪኮቹ ትዳር የመሠረቱ ሁለት ወንዶች ናቸው፤ ሳያስቡት በሰላዮች ሽኩቻ መካከል ይገባሉ። ተራኪው የትዳር ጓደኛውን «ባለቤቴ» ይበል ወይስ «ጓደኛዬ»? «ግብረ ሰዶማዊ» የሚለው ቃልስ ይስማማል? «ሰላይ» እና «ጆሮ ጠቢ» ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ «ባለቤቴ» ይበል። «ጓደኛዬ» ካሉት ደራሲው የጻፈውን ትዳር ከመጽሐፉ ፋቁት ማለት ነው። አንባቢውም ሁለቱ ሰዎች ስለ ወጥ ጨውና ስለ ቤት ኪራይ ለምን እንዲያ እንደሚነታረኩ አይገባውም፤ ቀልዱም አብሮ ይሞታል።

«ባለቤት» እጅግ የምወደው ቃል ነው። ባልም ሚስትም ይጠሩበታል። እዚሁ ጅማ ኦሮምኛው ባልን «አባ መና»፣ ሚስትን «ሃዸ መና» ብሎ የቤት አባትና የቤት እናት አድርጎ ይለያቸዋል። አማርኛው ግን ለሁለቱም አንድ ስም ሰጥቶ ጾታውን መናገር ለግሱ ይተወዋል። ግስ ደግሞ በቋንቋችን የዓረፍተ ነገሩ መዝጊያ ነው። ለምሥጢር ጸሐፊ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው! «ባለቤቴ የእንግዳውን ሻንጣ በቢላ ከፈተ» ብለው ይጻፉ። «ከፈተች» ብሎ የጠበቀ አንባቢ የመጨረሻዋ «ች» ስትቀርበት ወደ ኋላ ተመልሶ ያነባል። በአክብሮት «ከፈቱ» ቢሉ ጾታው ይሸሸጋል፤ ለአንድ ሁለት ገጽ ይጠቅማል፣ ከዚያ ካለፈ ግን አንቱታው ፍቅራቸውን ያቀዘቅዘዋል።

«ግብረ ሰዶም» ሌላ ነገር ነው። «ግብር» ድርጊት ነው፤ ሰዶም በኦሪት ዘፍጥረት በእሳት የጠፋችው ከተማ ናት። ቃሉ ከጅምሩ ፍርድ ይዟል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የሚጠቀመውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ለመርማሪው ወይም ለሚጠላቸው ጎረቤት አፍ ይስማማል። ባለቤቱን የሚወድ ተራኪ ግን ራሱን በክስ ቃል አይጠራም። የግድ ራሱን መግለጽ ካለበት «ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ» ቢረዝምም ስድብ የለበትም።

«ሰላይ» ተልኮ የሚሠራ ባለሙያ ነው፤ ዮሴፍ በግብፅ ወንድሞቹን የከሰሳቸው ሰላዮች ናችሁ ብሎ ነበር። «ጆሮ ጠቢ» ግን የሰፈር ሰው ነው፦ ቡና ሲፈላ በርጩማውን ወደ በሩ አስጠግቶ ይቀመጣል፣ ሦስተኛውን ስኒ ሳይጠጣ አይነሣም፣ የሰማውን ማታውኑ ያደርሳል። ደራሲው ሁለቱን በአንድ ቃል ቢጠራቸውም እርስዎ ይለያዩዋቸው። ለሁለት መንግሥት የሚሠራ ገጸ ባሕርይ ካለም አዲስ ቃል ለመፍጠር አይድከሙ፤ «በሁለት ቢላ የሚበላ» የሚለው አነጋገራችን ከነቀልዱ አለልዎት።