በርጩማውን አዎ፣ ሲንቄውን ግን ተወው

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ሰፈራችን ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚጠርቡ አንድ አባት አሉ። ቅርጹን ወስጄ ለካፌዎች የሚሆን ወንበር ላወጣ አስቤያለሁ፤ መደገፊያው ላይ ደግሞ የኦሮሞ ሴቶችን በትር፣ ሲንቄን፣ ብቀርጽበት ያምራል። ጓደኛዬ «ይሄ ስርቆት ነው» አለኝ። እኔ ባህል ማስተዋወቅ ነው እላለሁ። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ ትንሽ አክርሮታል፤ ግን ሳትጀምር ማንሳቱ ጥሩ ነው።

በርጩማው ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው፣ ብዙ ጊዜ ከዋንዛ። ሚስማር የለው፣ ኮላ የለው። ሦስት እግር የሆነው ለውበት ብቻ እንዳይመስልህ፤ ወጣ ገባ ያለ የአፈር ወለል ላይ አራት እግር ይወዛወዛል፣ ሦስቱ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቅርጹን ብቻ ከወሰድክ ይሄ ሁሉ ያመልጥሃል። ስለዚህ ሂድና አብረሃቸው ተቀመጥ፣ ለአንድ ቀን ሳይሆን ደጋግመህ። እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ምን እንደሚያደርጉ፣ መቀመጫውን ምን ያህል እንደሚያጎደጉዱት እያየህ ጠይቃቸው። ከዚያ በግልጽ ንገራቸው፦ «አባቴ፣ ከእርስዎ የተማርኩትን ሠርቼ ልሸጥ ነው፣ ይፈቅዱልኛል?» እሺ ካሉ ገንዘቡንም ተነጋገሩ። አንዴ ሻይ ጋብዞ መገላገል አይሆንም፣ ከእያንዳንዱ ወንበር ይድረሳቸው። ስማቸው ይጻፍ አይጻፍ የሚለውን ራሳቸው ይወስኑ።

አገራችን ውስጥ አዋጅ ቁጥር 482/1998 የሚባል አለ። የሚያወራው ስለ ጄኔቲክ ሀብት፣ ማለትም ስለ ዕፅዋትና እንስሳት ዘር፣ እና ከእሱ ጋር ስለተያያዘ የማኅበረሰብ ዕውቀት ነው፣ ስለ ወንበር አይደለም። ግን ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፦ መጀመሪያ ማኅበረሰቡ አውቆ ይፍቀድ፣ ከጥቅሙም ይካፈል።

ሲንቄው ላይ ግን አልስማማም። ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት በትር ናት። ሁለት ወገን ሲጣላ ሴቶች ሲንቄ ይዘው መሀል ከገቡ ጠቡ ይቆማል። በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበው ከገዳ ሥርዓት ጋርም የተሳሰረች ናት። እንዲህ ያለችውን በትር ሰው ማኪያቶ እየጠጣ ጀርባውን የሚያሳርፍባት ጌጥ ስናደርጋት ልቤን ይከብደዋል። እዚያው ተወልደህ ብታድግም የሲንቄ መብት የሴቶቹ ነው። ልብህ ካልተወው ሀደ ሲንቄዎችን፣ ሲንቄ የያዙትን እናቶች፣ ጠይቅ፣ «አይሆንም» ካሉህ ግን አትከራከር።

ለጊዜው መደገፊያውን ልሙጥ ተወው። የመጀመሪያውን ወንበር ስትጨርስ እኚያ አባት ጋ ውሰደውና ይቀመጡበት። ከተወዛወዘ ይነግሩሃል።