የአባቴ ድምፅ ወደ መጨረሻው ለምን ይቀጥናል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ። አባቴ በ1970ዎቹ ካርቱም ሳለ በሰው እጅ ይልክልን የነበሩ የድምፅ ደብዳቤዎች እናቴ ዘንድ አሉ፤ ሁሉም የስልሳ ደቂቃ ካሴት ናቸው። ቴፑን በገመድ ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቼ ልገለብጣቸው ብሞክር ድምፁ እየተሰነጣጠቀ አስቸገረኝ። ደግሞ አንዱ ገጽ ሊያልቅ ሲል የአባቴ ድምፅ እየቀጠነ የልጅ ድምፅ ይሆናል። ካሴቱ ተበላሽቶ ይሆን?
ሰ.፣ ከጎንደር

መልስ፦ እህቴ፣ ካሴቱ አልተበላሸም። ያን ቀን የደከመው የአባትሽ ባትሪ ድንጋይ ይመስለኛል። ድንጋይ ሲደክም ሞተሩ ይዘገያል፤ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መሄድ የሚገባው ክር እየተጎተተ ይቀረጻል። ያንኑ ዛሬ ጤነኛ ቴፕ ላይ ስታጫውቺው ንግግሩ ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ሙዚቃ ቤት ስሠራ በዚህ ምክንያት ብቻ ስንት ደህና ካሴት ሲጣል አይቻለሁ! መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ እንዳለ ገልብጪው። ከዚያ ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የቀጠነውን ክፍል መርጠሽ ፍጥነቱን ቀንሺ፤ ቅጥነቱ የመጣው ቀስ በቀስ ስለሆነ በአንዴ አይሆንም፣ ከፋፍለሽ መጀመሪያውን በጥቂቱ፣ መጨረሻውን በርከት አድርገሽ ነው። ስንት በመቶ ትዪኝ ይሆናል። እሱን እናትሽ ይንገሩሽ፤ አጠገብሽ ተቀምጠው ይስሙና «አዎ፣ እሱ ነው» ሲሉ አቁሚ።

የሚሰነጣጠቀው ግን ከላፕቶፑ ነው። ያ ቀዳዳ የተሠራው ለማይክሮፎን ደካማ ድምፅ ነው፣ የቴፑ ይበዛበታል። «ላይን ኢን» የሚል ቀዳዳ ያለው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ግዢ፤ የማይክ ቀዳዳ ብቻ ያለውን ቢሰጡሽ እንዳትቀበዪ። የቴፑን ድምፅ መሀል ላይ አድርጊ፤ ፕሮግራሙ ላይ ጣሪያው ከ-6 ዴሲቤል እንዳያልፍ። እዝዝ የሚል ድምፅ ከገባ ቴፑን ከኤሌክትሪክ ነቅለሽ በአዲስ ድንጋይ አጫውቺ።

ከመቅረጽሽ በፊት ሄዱን፣ ማለትም ቴፑ ውስጥ ክሩን እየነካ ድምፁን የሚያነበውን ብረት፣ እና ክሩን የሚጎትተውን ጎማ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጊ። ለዓመታት የተቀመጠ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃልና ካሴቱን እስከ ዳር አሂደሽ መልሺው። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቡሎን እያጫወትሽ በጥቂት በጥቂቱ አዙሪ፤ «ሰ» እና «ሸ» ጥርት ብለው ሲሰሙ ቦታዋን አግኝታለች። ከካሴቱ በላይ በኩል ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ደግሞ ስበሪ፣ ማንም በስህተት እንዳይቀዳበት።

በ44,100 ኸርዝ፣ በ16 ቢት፣ ዋቭ (ድምፁ ሳይጨመቅ የሚቀመጥበት ፋይል) አድርገሽ አስቀምጪ። የአንድ ሰው ንግግር ስለሆነ ሞኖ፣ ማለትም ባለ አንድ መስመር ድምፅ፣ ይበቃል፤ አንድ ካሴት 300 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ለቴሌግራም ኤምፒስሪ አውጪለት። ሹሹታውን አጥፍቼ ላጽዳው ካልሽ በሌላ ቅጂ ላይ ሞክሪ፤ እኔ ብሆን አልነካውም፣ ከሹሹታው ጋር የአባትሽም እስትንፋስ ይሄዳል። ዋናውን ቅጂ ሁለት ቦታ፣ አንዱን ከቤት ውጭ፣ ዘመድ ዘንድ አስቀምጪ።