«ሶኬቱ አንድ ነው» ቢሉህ አትመን

ወንድሜ፣ «ዊንዶውስ 11 የሚጭን፣ ፒችትሪ (የሂሳብ መዝገብ ፕሮግራም) እና ፎቶሾፕ የሚያሠራኝ ኮምፒውተር በትንሽ ብር ልገጣጥም ነው፤ ኤች 110 ማዘርቦርድ በርካሽ አግኝቻለሁ፣ ምን ፕሮሰሰር ልግዛለት?» ብለሃል። ብሩን ካልሰጠህ ቦርዱን ተወው። እኔ የተበላሁት በዚሁ ቦርድ ነው።

1. መጀመሪያ ሲስተሙን (ዊንዶውስ ነው ወይስ ሌላ) ወስን፣ ቀጥሎ ፕሮሰሰሩን፣ ከዚያ ቦርዱን። ዊንዶውስ 11 ከጥቂቶች በስተቀር በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) የኢንቴል ፕሮሰሰር ጀምሮ ነው። በዊንዶውስ 10 ልቆይ እንዳትል፣ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል።

2. ሶኬቱን (ፕሮሰሰሩ ቦርዱ ላይ የሚቀመጥበትን) ብቻ ሳይሆን ቺፕሴቱን (ቦርዱን የሚመራውን ቺፕ፣ «ኤች 110» የሚለው ስሙ ነው) እይ። እኔ ይህቺን አላወቅሁም።

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ትንሽ የህትመት ቤት አለችኝ። ታኅሣሥ ላይ፣ የጥምቀት ባነርና ቲሸርት ትእዛዝ ተቀብዬ ሳለ አሮጌው ኮምፒውተሬ ሞተ። እዚሁ ከጓደኛዬ ኤች 110 ቦርድ ገዛሁ። ፕሮሰሰሩን፣ ኮር አይ3 8100ን (8ኛ ጀነሬሽን ነው)፣ ከአዲስ አበባ አዘዝኩ። ሻጩን በስልክ «ከኤች 110 ጋር ይሄዳል ወይ?» ብዬ በግልጽ ጠየቅሁት። «ሁለቱም 1151 ናቸው፣ ሶኬቱ አንድ ነው፣ ይሄዳል» አለኝ። ብሩን ላክሁ፤ ዕቃው በስፖንጅ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ።

ስገጥመው ልክ ቁጭ አለ። ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ። ራሙን አውጥቼ ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ጠረግሁ። የሰው ሞኒተር ተዋስኩ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የለም። በሦስተኛው ቀን አራዳ ያለ አንድ ጠጋኝ ልጅ ቦርዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አየና «ይሄ የሚያነሣው 6ኛና 7ኛን ብቻ ነው፤ 8ኛ ግን እንደ ኤች 310 ያለ ባለ 300 ቁጥር ቦርድ ይፈልጋል» አለኝ። የፒኑ (የመገናኛ ነጥቦቹ) ብዛት ተመሳሳይ ነው፤ ኃይል የሚገባባቸው ፒኖች አመዳደብ ግን ተቀይሯል።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ደረሰኙን አንብብ፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሳልጠይቅ ገዝቼ ቢሆን እኮ አንድ ነገር ነው። የጥምቀቱን ሥራ ለጎረቤት ማተሚያ ቤት አሳልፌ ሰጠሁ። ደንበኞቼ ባነራቸውን ከዚያ ይዘው ሲወጡ በራፌ ላይ ቆሜ አየሁ።

ከዚያ ኤች 310 ቦርድ ገዛሁ። ራሜ ይህም ቦርድ የሚቀበለው ዓይነት፣ ዲዲአር 4፣ ስለነበር ተረፈልኝ። ዊንዶውስ 11 ግን አሁንም «ይህ ኮምፒውተር አይችልም» አለ። ባዮስ (የቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ገብቼ ሳይ ፒቲቲ የሚለው አልበራም። ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የደህንነት ክፍል፣ የኢንቴል ቲፒኤም 2.0 ማለት እሱ ነው። እሱንም ሴኪዩር ቡት የሚባለውን የማስነሻ ጥበቃም አበራሁ፣ ዊንዶውስ የምጭንበትን ፍላሽ በጂፒቲ (በአዲሱ የዲስክ አከፋፈል) እንደገና አዘጋጀሁ፣ አለፈ። ማንንም ሳልጠራ በራሴ እጅ! ያው ማሽን ዛሬም የተማሪዎችን ጥናታዊ ጽሑፍ ሲያትም ይውላል።

3. ከፕሮሰሰሩ ቁጥር ኋላ «ኤፍ» ካለ፣ ለምሳሌ 9100ኤፍ፣ የራሱ ግራፊክስ (ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣው ክፍል) የለውም። ረከሰ ብለህ ከገዛህ ለግራፊክስ ካርድ ሌላ ብር ታወጣለህ።

4. በፓወር ሰፕላይ አትቆጥብ። የጎንደርን መብራት ታውቀዋለህ፤ ሄዶ ሲመለስ ነው ዕቃ የሚያቃጥለው። ስታቢላይዘር ያዝ። ፓወር ሰፕላይው ከኋላው ቀይ የቮልቴጅ መምረጫ ካለው ደግሞ ከመሰካትህ በፊት 230 ላይ መሆኑን እይ። 115 ላይ ሆኖ ከሰካኸው ጧ ብሎ ያበቃለታል።

ፒችትሪና ፎቶሾፕ ባይኖሩብህ ኖሮ ያንን ቦርድ ከ6ኛ ጀነሬሽን ጋር ገዝተህ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጫንበት እልህ ነበር፤ በደንብ ይሠራል። ሁለቱ ግን ዊንዶውስ ይፈልጋሉ።

ሌላ ቦርድ ስታገኝ ሳትከፍል ጽሑፉ የሚታይበት ፎቶ እዚህ ለጥፍልኝ። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ሱቅ ዘግቼ አየዋለሁ።