ከቨርቹዋል ማሽን ባክአፕ አንድ ፎልደር ብቻ በኮማንድ ላይን ማውጣት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የጠፋው አንድ ፎልደር ነው፤ ባክአፑ ግን የሙሉ ማሽኑ ነው። ሁሉንም ሪስቶር ማድረግ ግድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ዲስኩን ሪድ ኦንሊ (ለማንበብ ብቻ) ማውንት አድርጎ (እንደ ድራይቭ ከፍቶ) የሚፈለገውን መቅዳት ይበቃል። «ሪድ ኦንሊ» የምትለዋን ግን አትዝለሏት። ባክአፑ አንድ ሙሉ ፋይልና በላዩ የተደረደሩ የለውጥ ፋይሎች ከሆነ፣ ከታች ያለው ላይ የሚጻፍ ትንሽ ነገር ከላይ ያሉትን ሁሉ ከጥቅም ውጭ ሊያደርጋቸው ይችላል።

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ላይ ነኝ፤ ያለኝ የኪውካው2 (የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ ቅርጸት) ፋይል ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከጌስትማውንት፣ የቨርቹዋል ማሽን ዲስክን ማውንት ከሚያደርገው ኮማንድ። በ«ኤ» የዲስኩን ፋይል ስጡት፣ በ«አይ» ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ራሱ ይፈልግ፣ «አርኦ» (ሪድ ኦንሊ) ጨምሩ፣ መጨረሻ ላይ ባዶ ፎልደር ጥቀሱ። ዲስኩ ዳታ ብቻ የያዘ ከሆነ «አይ» የሚያገኘው ሲስተም ስለሌለ ስህተት ሰጥቶ ይቆማል። ያኔ በቨርት ፋይልሲስተምስ ፓርቲሽኖቹን አይታችሁ ትክክለኛውን በ«ኤም» ስጡት። ሲያልቅ በጌስትአንማውንት ዝጉት። ሥራው የአንድ ጊዜ ከሆነ ቨርት ኮፒ አውት ያለ ማውንት ፎልደሩን ያወጣል።

ጥያቄ፦ ዲስኩን በኪውኢሙ ኤንቢዲ (የዲስክ ፋይልን እንደ ዲስክ ከሊኑክስ ጋር የሚያገናኝ ኮማንድ) ሪድ ኦንሊ አገናኘሁት። ማውንት ሳደርግ ግን ሎጉን ሪከቨር ማድረግ አልተቻለም ብሎ እምቢ አለ። ባክአፑ ተበላሽቷል ማለት ነው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ባክአፑ የተወሰደው ማሽኑ እየሠራ ስለሆነ ፋይል ሲስተሙ በሥርዓቱ አልተዘጋም፤ ጆርናሉ (ፋይል ሲስተሙ ለውጦችን አስቀድሞ የሚመዘግብበት ሎግ) ውስጥ ያላለቀ ሥራ ቀርቷል። ማውንት መጀመሪያ ያንን መጨረስ ይፈልጋል፣ ዲስኩ ደግሞ አይጻፍበትም። የፋይል ሲስተሙ ዓይነት ኤክስኤፍኤስ ከሆነ «ኖሪከቨሪ»፣ ኤክስት4 ከሆነ «ኖሎድ» የሚለውን አማራጭ ጨምሩ።

ይህ ግን ጆርናሉን ዘሎ ማለፍ ስለሆነ መጨረሻ ላይ የተጻፉ ፋይሎች ጎድለው ሊታዩ ይችላሉ። የተሻለው መንገድ በኪውኢሙ ኢሜጅ ኮማንድ ባክአፑን መሠረት ያደረገ አዲስ ባዶ ኪውካው2 መፍጠር ነው። ኤንቢዲን ከአዲሱ ፋይል ጋር፣ መጻፍ ፈቅዳችሁ አገናኙት። ጆርናሉ ውስጥ የቀረው ሥራ ይጠናቀቃል፣ የሚጻፈው ሁሉ ወደ አዲሱ ፋይል ይሄዳል፣ ባክአፑ አይነካም። ሲያልቅ አንማውንት፣ ዲስኮኔክት፣ ከዚያ አዲሱን ፋይል አጥፉት።

ይህን ሁሉ ባክአፑ የተወሰደበት ማሽን ላይ አትሥሩ። ኤክስኤፍኤስ ሁለት ተመሳሳይ ዩዩአይዲ (የፋይል ሲስተም መለያ ቁጥር) ሲያይ ይቆማል («ኖዩዩአይዲ» ይፈታዋል)፤ ኤልቪኤም (ዲስኮችን በቮልዩም ግሩፕ የሚያደራጅ የሊኑክስ ሲስተም) ካለ ደግሞ የቮልዩም ግሩፕ ስም ይጋጫል፣ እሱ የበለጠ ያደክማል። ሌላ ረዳት ማሽን ተጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ ላይ ለቪኤችዲኤክስ (የሃይፐር ቪ፣ ማለትም የማይክሮሶፍት ቨርቹዋል ማሽን ዲስክ ፋይል)ስ?

መልስ፦ የፓወርሼል ኮማንዱን ማውንት ቪኤችዲ ከሪድኦንሊ ጋር ተጠቀሙ። የሃይፐር ቪ ሞጁል ከሌለ ማውንት ዲስክኢሜጅን አክሰሱን ሪድኦንሊ አድርጋችሁ ተጠቀሙ። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ ምስጠራ) ካለበት ሪከቨሪ ኪይ ያስፈልጋል። ፋይሎቹ በስምና በመጠን እየታዩ የማይከፈቱ ከሆነ ምንጩ ሰርቨር ዳታ ዲዱፕሊኬሽን (ተደጋጋሚ ዳታን አንዴ ብቻ የሚያስቀምጥ የዊንዶውስ ሰርቨር ፊቸር) ይጠቀም እንደሆነ አጣሩ፤ ማውንት የሚያደርገው ሰርቨር ላይም መጫን አለበት።

ጥያቄ፦ በቪም (የባክአፕ ሶፍትዌር) የፓወርሼል ስክሪፕት ምን ይመስላል?

መልስ፦ ጌት ቪቢአር ባክአፕ፣ ከዚያ ጌት ቪቢአር ሪስቶርፖይንት፣ ከዚያ ስታርት ቪቢአር ዊንዶውስ ፋይል ሪስቶር። ዲስኮቹ ሲ ድራይቭ ላይ ቪምኤፍኤልአር በሚባል ፎልደር ሥር ይታያሉ፤ ከዚያ ትቀዳላችሁ። ስቶፕ ቪቢአር ዊንዶውስ ፋይል ሪስቶርን «ፋይናሊ» (ስህተት ቢኖርም ባይኖርም የሚሠራው የስክሪፕት ክፍል) ውስጥ አስገቡት፤ አለበለዚያ መቅዳቱ በስህተት ሲቋረጥ ማውንቱ እንደተከፈተ ይቀራል። ብዙ ስክሪፕቶች የመጨረሻውን ሪስቶር ፖይንት በጭፍን ይወስዳሉ። ፎልደሩ ማክሰኞ ጠፍቶ ከሆነ የረቡዕ ባክአፕ ውስጥ አታገኙትም፤ ቀኑን መለኪያ አድርጋችሁ አጣሩ።

ጥያቄ፦ ሮቦኮፒ (የዊንዶውስ የመቅጃ ኮማንድ) አንድ ፋይል ላይ ተቸክሎ አደረ።

መልስ፦ ካልነገራችሁት አንድ ያልተሳካ ፋይል ላይ 1 ሚሊዮን ጊዜ ይደጋግማል፣ በየመሃሉ 30 ሴኮንድ እየጠበቀ። «አር»ን (የድግግሞሹን ብዛት) 1፣ «ደብሊው»ን (የሚጠብቀውን ሴኮንድ) 1 አድርጉ። ንዑስ ፎልደሮች በ«ኢ»፣ ፐርሚሽንና ባለቤትነት በ«ኮፒኦል» ይመጣሉ፤ አክሰስ ዲናይድ ካለ «ቢ»ን ሞክሩ። «ሚር»ን ለሪስቶር አትጠቀሙ፤ መድረሻው ላይ ያለውንና ባክአፑ ውስጥ የሌለውን ይሰርዛል። ኤግዚት ኮዱ (ኮማንዱ ሲጨርስ የሚመልሰው ቁጥር) 1 ሲሆን ፋይሎች ተቀድተዋል ማለት እንጂ ስህተት አይደለም። ስክሪፕታችሁ ማንቂያ መስጠት ያለበት ከ8 ጀምሮ ነው።

ጥያቄ፦ አርሲንክ (የሊኑክስ የመቅጃ ኮማንድ) ላይ ትንሿ «ኤ» አትበቃም?

መልስ፦ ሃርድ ሊንክ (ለአንድ ፋይል የተሰጠ ተጨማሪ ስም)፣ ኤሲኤል (ዝርዝር የፐርሚሽን ደንብ) እና ኤክስቴንድድ አትሪቢውት (ከፋይሉ ጋር የሚቀመጥ ተጨማሪ መረጃ) አትይዝም፤ ካፒታል ኤች፣ ኤ እና ኤክስን ጨምሩ። «ኒውሜሪክ አይዲስ»ም ግድ ነው፤ ረዳት ማሽኑ ላይ ተመሳሳይ የተጠቃሚ ስም በሌላ ቁጥር ካለ ባለቤትነቱ ይዛባል። ከምንጩ ስም በኋላ ስላሽ ካለ ይዘቱ ብቻ፣ ከሌለ ፎልደሩ ራሱ ይቀዳል። መጀመሪያ በ«ድራይ ረን» እዩት።

ጥያቄ፦ የዳታቤዝ ፎልደርም በዚህ መንገድ ይመለሳል?

መልስ፦ የዳታና የሎግ ፋይሎቹ ከአንድ ሪስቶር ፖይንት አብረው ከወጡ ሊሠራ ይችላል። መጀመሪያ ግን በሙከራ ማሽን ላይ ዳታቤዙን አስነሱት፤ እየሠራ ባለው ዳታቤዝ ፎልደር ላይ ፈጽሞ አትገልብጡት።