መልስ፦ ዲፌንደር (የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ) አልጠፋ፣ የዊንዶውስ አፕዴትም አልጨርስ ላለህ
አፕዴትህን የሚያከሽፈው ዲፌንደር መስሎህ ልታጠፋው የምትታገል ከሆነ ተወው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ሪልታይም ፕሮቴክሽንን (ኮምፒውተሩን ሁልጊዜ የሚጠብቀውን የዲፌንደር ክፍል) ስታጠፋው ትንሽ ቆይቶ ራሱ የሚበራው ደግሞ ተበላሽቶ ሳይሆን ሆን ተብሎ እንደዚያ ስለተሠራ ነው።

መጀመሪያ ሲ ድራይቭ ላይ በቂ ቦታ መኖሩን እይ። ካለ፣ ሰርቪስስ (ከጀርባ የሚሠሩ የዊንዶውስ አገልግሎቶች ዝርዝር) ውስጥ ገብተህ ዊንዶውስ አፕዴትን እና ባክግራውንድ ኢንተለጀንት ትራንስፈር ሰርቪስን አቁማቸው፣ ከዚያ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሶፍትዌር ዲስትሪቢውሽን የሚለውን ከፍተህ ዳውንሎድ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፋ (ፎልደሩን ራሱን አትንካው)። ሪስታርት አድርግና እንደገና ሞክር። ግማሽ ወርዶ የተበላሸ ፋይል ከሆነ ችግሩ በዚህ ይለቃል።

ሌላ አንቲቫይረስ ጭነህ ከሆነ ግን እሱ አፕዴቱን ሊያግድ ስለሚችል ለጊዜው አውጣው።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ዲፌንደርን ከሥሩ ነቅለን እናወጣለን የሚሉ ፕሮግራሞችን እንዳትጭን፤ እነሱን ጭነው አፕዴት እምቢ ያላቸው ሰዎች ኮምፒውተር ሲመጣልኝ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው።