«ሐረር ሄዷል» ወይስ «ሳቢያን ገብቷል»?

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ የ301 እና የ302 ልዩነት ምንድነው? ሁለቱም እኮ ይሠራሉ» ይላል። ድረ ገጽ የሚያቀርበው ሰርቨር ጎብኚውን ወደ ሌላ አድራሻ ሲመራው የሚመልሳቸው ቁጥሮች ናቸው። በሁለት መስመር መለስኩለት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በድሬ ሙቀት ላሳብብ ነበር፤ ሙቀቱ አልነበረም።

ያደግኩት ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ፣ አራት ተከራይ ባለበት ግቢ ነው። በሩ አንድ ነው። አከራያችን በር ላይ ቁጭ ብለው የመጣውን ሁሉ «ማንን ፈልገህ ነው?» ይላሉ። ስም ከጠራ ወደ ቤቱ ይመሩታል። ስሙን በቅጡ ካልያዘ ወደ መጀመሪያው ቤት ይልኩታል። መጀመሪያው ቤት የእኛ ነበር። አቦ፣ የስንቱን የማናውቀውን እንግዳ ቡና አጠጣን!

አንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ድረ ገጽ ማኖር ይኸው ነው። አይፒው (የሰርቨሩ የቁጥር አድራሻ) አንድ፣ ስሙ ብዙ። ኤችቲቲፒ 1.1 (ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ) በ1997 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ ብራውዘር የፈለገውን ስም መጥራት ግዴታው ነው። አፓቼ የተባለው የሰርቨር ፕሮግራም የተጠራውን ስም ካላገኘ መጀመሪያ ለተጻፈው ቨርቹዋል ሆስት (የአንድ ድረ ገጽ ቅንብር) ይሰጠዋል። ሌላው ፕሮግራም ኤንጂንኤክስም ሌላ ካልነገራችሁት እንደዚያው ያደርጋል።

አከራያችን ስለሌለ ሰው ሲጠየቁ ሁለት መልስ ነበራቸው። «ሐረር ሄዷል፣ ይመለሳል» የተባለ እንግዳ በማግስቱ መጥቶ ያንኳኳል። «ሳቢያን ገብቷል»፣ ማለትም ወደዚያ ሰፈር ቤት ቀይሯል፣ የተባለው ግን ሁለተኛ በራችንን አይረግጥም፤ ቀጥ ብሎ ሳቢያን ነው። የመጀመሪያው 302፣ ለጊዜው፤ ሁለተኛው 301፣ ለዘለቄታው።

ያኔ ግን ይህን አላውቅም ነበር። 2005 ዓ.ም ላይ ከዚራ አንዲት ጠባብ ቢሮ ነበረችን። ውጭ አገር በተከራየናት አንድ ሰርቨር ላይ አምስት ድረ ገጽ አስቀምጠናል፤ አንዱ የሆቴል ነው። ሆቴሉ ገጹን እያሳደሰ ስለነበር፣ እስኪያልቅ ጎብኚው ወደ እኛ ገጽ እንዲሄድ አደረግኩ። ከሆነ ቦታ የቀዳሁት የቅንብር መስመር 301 ይላል። እንዳለ ለጠፍኩት።

ከሳምንት በኋላ አዲሱ ገጽ ደረሰ። መስመሩን አጠፋሁ፣ አፓቼን ሪሎድ አደረግኩ። ባለቤቱ «አሁንም የእናንተው ነው የሚመጣው» ብለው ደወሉ። እኔም ስከፍተው የእኛው ነው። ፋይሉን ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ሰርቨሩን ሪስታርት አደረግኩ። ወዲያው ባለቤቱ ራሳቸው ላፕቶፓቸውን ታቅፈው መጡ።

አንድ ተለማማጅ ልጅ ነበረን። በእሱ ላፕቶፕ ገጹ ቁልጭ ብሎ ተከፈተ። ልጁ በዚያ ሳምንት ገጹን አንዴም አልከፈተውም ነበር፤ ስለዚህ «ሳቢያን ገብቷል» አልተባለም። የእኔና የባለቤቱ ብራውዘር ግን ተብለዋል፤ ይዘውታል፤ ሰርቨሩን ዳግመኛ አይጠይቁም። ልጁ ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ ብራውዘሩ ይዞት እንዳይሆን» አለኝ። እኔ ደግሞ በሰው ፊት «አንተ ዝም በል! ምን ነካክተህ ነው?» አልኩት። ባለቤቱ ልጁን ዞር ብለው አዩት። ልክ መሆኑን የተረዳሁት ከወራት በኋላ ነው። ያኔ ልጁ ሥራውን ከተወ ቆይቷል።

ባክአፕ ያዙ፣ ሪሎድ ከማድረጋችሁ በፊት ኮንፊጉን ፈትሹ አልላችሁም። ይህን የማያውቅ መጀመሪያውኑ ሰርቨር አይንካ። የምላችሁ መጀመሪያ በ302 ሞክሩ ነው፤ ቀናት አይታችሁት ሲጸና ወደ 301 ቀይሩት። ብራውዘራችሁን ምስክር አታድርጉት፤ በከርል (ሰርቨሩን በቀጥታ በሚጠይቅ የትእዛዝ ፕሮግራም) ጠይቁ፣ ሰርቨሩ የመለሰውን ቁጥርና የሚልክበትን አድራሻ እንዳለ ያሳያችኋል። አንዱ የመላኪያ ትእዛዝ ከአድራሻው ፊት ዳብሊው ዳብሊው ዳብሊው ጨምር፣ ሌላው አውጣ ካለ ደግሞ ጎብኚው ሲዞር ይውላል።

የዛሬ ልጆች ኤአይ የሰጣችሁን ሳታነቡ ትለጥፋላችሁ፤ ያናድደኛል። እኔስ ምን አደረግኩ? እናንተ ቢያንስ ትጠይቃላችሁ።

ልጁን ከዓመት በኋላ አሸዋ ገበያ አገኘሁት። በትከሻ ሳመኝ። «ጋሼ፣ ያቺ ሰርቨር አለች?» አለኝ እየሳቀ። «አለች» አልኩትና እንደቸኮልኩ ነግሬው ሄድኩ። አልቸኮልኩም ነበር።