ጥያቄና መልስ፦ ገጣሚው ቬርገላንድና አንቀጽ 2

ጥያቄ፦ የምኖረው ኦስሎ ነው። በኖርዌይ ብሔራዊ በዓል፣ በሜይ 17፣ አይሁድ ወጣቶች በሄንሪክ ቬርገላንድ መቃብር ላይ አበባ ያኖራሉ። ገጣሚው ግን የሉተራን ቄስ ልጅ ነው። ምን አገናኛቸው? ግጥምስ ሕግ ያስለውጣል?

መልስ፦ ያገናኛቸው አንድ የሕግ አንቀጽ ነው። በ1814 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኤይድስቮል ላይ የጸደቀው ሕገ መንግሥት በዘመኑ አውሮፓ ለሕዝብ ሰፊ መብት ከሰጡት አንዱ ነበር። አንቀጽ 2 ግን አይሁዶች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ከለከለ። ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ማኅበር አባላትና የገዳም ማኅበራትም አብረው ታገዱ። ለእገዳው ከተከራከሩት ጉባኤተኞች አንዱ የገጣሚው አባት ኒኮላይ ቬርገላንድ ነበሩ። ሄንሪክ ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነው።

አንቀጹን ማንሳት ቀላል አልነበረም። የማሻሻያ ሐሳብ በአንዱ የስቶርቲንግ (የኖርዌይ ምክር ቤት) ጉባኤ ይቀርባል፣ ድምፅ የሚሰጥበት ግን በሚቀጥለው ነው። ጉባኤው የሚሰበሰበው በሦስት ዓመት አንዴ፣ ማሻሻያው የሚያልፈውም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ቬርገላንድ የምክር ቤት አባል ባይሆንም ሐሳቡን በ1839 አስገባ፤ የድምፁ ቀን 1842 ሆነ። እስከዚያው ዝም ብሎ አልጠበቀም። በ1841 ክርክሩን በስድ ንባብ አሳተመ፣ በ1842 ደግሞ “አይሁዳዊው” የተባለውን የግጥም መድበል አወጣ።

ከመድበሉ “የገና ዋዜማ” የሚለውን ልብ ብለው ያንብቡት። ዕቃ ተሸክሞ ገጠር ለገጠር የሚዞር ሽማግሌ አይሁዳዊ በስዊድን የቲቬደን ጫካ ውስጥ ውሽንፍር ይይዘዋል። የሕፃን ለቅሶ ሰምቶ ይፈልጋል፣ አግኝቶም በካፖርቱ ይሸፍናታል፣ የአንድ ቤት በር ያንኳኳል። ማን እንደሆነ ሲጠየቅ አይሁዳዊነቱን አይደብቅም። በሩ ሳይከፈት ይቀራል። ጠዋት ሁለቱም ደርቀው ይገኛሉ፤ ሕፃኗም ለባለቤቶቹ ባዕድ አልነበረችም። እገዳውን የሚደግፉት በዋነኛነት የሚያስፈራሩት በአይሁድ ነጋዴ ስም ነበርና፣ ቬርገላንድ ያንኑ ነጋዴ በራፋቸው ላይ አቆመው። ብልህነቱ እዚህ ላይ ነው።

ግጥሙ ብቻውን ሕጉን አላስለወጠም። በ1842 በተሰጠው ድምፅ 51 ደግፈው 43 ተቃወሙ፤ የሚያስፈልገው 63 ነበርና አብላጫው ቢደግፈውም ወደቀ። ቬርገላንድ ታሞ ሳለ በ1844 “አይሁዳዊቷን” አሳተመ፣ ጁላይ 12 ቀን 1845 በ37 ዓመቱ አረፈ። ማሻሻያው በ1845ም በ1848ም ወድቆ በ1851 አለፈ። በየጉባኤው እየተነሣ አጀንዳ ሆኖ መቆየቱ ነው ያሸነፈው፤ ግጥሞቹ ደግሞ ጉዳዩ እንዳይረሳ አድርገዋል። የመቃብሩን ሐውልት በ1849፣ እገዳው ገና ሳይነሣ፣ ያቆሙለት የስዊድን አይሁዶች ናቸው። በጀርመን ወረራ ዘመን የኖርዌይ መንግሥት መሪ የነበረው ኪውስሊንግ በ1942 ከናዚዎች ጋር ሆኖ እገዳውን መልሶ ስለነበር፣ የአበባው ትርጉም ለአይሁድ ቤተሰቦች ሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ ኖርዌይኛ በደንብ አነባለሁ። ከሥራዎቹ በየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ በ1830 ባወጣው “ፍጥረት፣ ሰውና መሲሕ” አይጀምሩ። ከ700 ገጽ በላይ የሆነ የግጥም ድርሰት ነው፤ ተቀናቃኙ ገጣሚ ቬልሃቨን ሥርዓት የለውም ብሎ አጥብቆ ነቅፎታል፤ ቬርገላንድ ራሱም በመጨረሻው ዘመኑ አሻሽሎ ጽፎታል። በአጫጭሮቹ የሕመም አልጋ ግጥሞች ይጀምሩ። “ለጊልደንላኬ” በሚለው ውስጥ ለአበባዋ “አንቺ ውበትሽን ሳታጪ እኔ ሁሉ ነገር የተሠራበት አፈር እሆናለሁ” ይላታል፤ ሐዘኑ ምንም ሳይጮህ ይሰማል።

የቆየ እትም ካጋጠመዎ ቋንቋው ወደ ዴንማርክኛ የቀረበ ነው። ስሞች ሁሉ በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ፤ ዛሬ ከላይ ቀለበት ያለበት “አ” ያኔ በሁለት “አ” ይጻፍ ነበር። ድምፅ አውጥተው ሲያነቡት አብዛኛው ይገባዎታል፤ ካስቸገረዎ በዘመናዊ አጻጻፍ የታተመውን ይፈልጉ። ለፖለቲካው ፍላጎት ካለዎ ግን ከግጥሙ አስቀድመው ከ1839 እስከ 1845 ለሠራተኛው ያወጣውን “ለሠራተኛው መደብ” የተባለውን መጽሔት ያንብቡ።